አንድ እፍኝ የዱዓ ጫት

እኔ ስናገር ሰው ግማሹን ቀንሶ ነው የሚሰማኝ። ደሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ወደ ኮምቦልቻ ሥራ ስወርድ አንድ ቀን የሚኒባሷ ፍሬን ትንሽ አንገራገረ፤ እኔ ሳወራው ግን መኪናዋ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሙሉ በአየር ላይ አቋርጣ የፋብሪካችን በር ላይ አረፈች። ሰሚዎቼ ስቀው፣ ቀናንሰው፣ «ፍሬን አስቸግሯቸው ነበር» ብለው ይዘዋት ሄዱ። እንዲህ ተግባብተን ነው የኖርነው። ያልኩትን ሳይቀንስ፣ እንዳለ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅኩት በወንድሜ ጉዳይ ነው።

ወንድሜ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ማለት ይቀናኛል፤ እናቴ ከሰማች «የቱን ቀን ነው ያሳደግከው?» ትለኛለች። ሆጤ ሜዳ ላይ አቧራ ሲቅም አድጎ አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ደግሞ ባሕር ማዶ፣ የዓመቱ ግማሽ በረዶ በሚሆንበት አገር፣ በአንድ ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ አገኘ። እኔ ለሰፈሩ «አውሮፓን በእጁ አስገብቷል» ነበር የምለው። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ነበር። «አያ፣ የተቀያሪ ወንበራችን እኮ ኤሌክትሪክ አለው፣ ይሞቃል» አለኝ አንድ ቀን በስልክ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ወንድሜ የሚሞቅ ዙፋን እንደተሰጠው ሰማ።

ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ክለቡ ጠርቶ አናገረው። በቀሩት ጨዋታዎች ጥሩ ከሆነ ለሁለት ዓመት ያድስለታል። ካልሆነ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ከዚያ ወንበር የወረደን ተጫዋች ሌላ ክለብ ብድግ አያደርገውም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በመሃል የአምስት ቀን ዕረፍት ሰጡትና እናቱን ሊያይ መጣ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሚኒባስና በሁለት ባጃጅ ወርደን ተቀበልነው። (አርባ መኪና ነበር ብዬ ያወራሁትን እዚህ ላይ አነሳለሁ።)

እናቴ ሐሙስ ከሰዓት ዱዓ አስደረገችለት። እኛ ዘንድ መንገደኛ ዱዓ ሳይደረግለት ከቤት አይወጣም፤ ይልቁንም እንዲህ ያለ ጉዳይ የተንጠለጠለበት። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ሳሎኗ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። የሰፈራችን ሸህ፣ ወንድሜ ገና ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን ያሉት ሽማግሌ፣ ከፊት ተቀምጠው የጫቱን እስር በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኛ መዳፋችንን ዘርግተን «አሚን» እንላለን። «ያ ረቢ፣ ውሉን አድስለት! እግሩን ከእንቅፋት፣ ስሙን ከክፉ ወሬ ጠብቅለት!» «አሚን!» እናቴ ከጓዳ ሆና የምትለው አሚን ከሁላችንም ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ዱዓው ሲያልቅ ሸሁ ከእስሩ ለጋ ለጋውን ቀንጥሰው አንድ እፍኝ ለወንድሜ ዘረጉለት። የዱዓ ጫት ነው፤ በሁለት እጅ ይቀበሉታል፣ ይቅሙታል፤ በረከቱ እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ ተቀበለና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አያ፣ እኔ ይሄን መቃም አልችልም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሐኪማችን ሳያየው የሳል ሽሮፕ እንኳ እንዳትጠጡ ብሎናል።»

«ሽሮፕ መቼ አልን? ቅጠል ነው።»

«ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ እኮ።»

«እና? ጫት ስለበላች ከሜዳ የታገደች ፍየል አይተህ ታውቃለህ?»

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። ሰው መሳቅ ከጀመረ እኔን የሚያቆመኝ የለም። «በረዶው ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቷል!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሸሃችን፣ ልጅዎ ፈረንጅ ሆኖብዎታል!» ሸሁ ቀና ብለው በዚያ ደግ ዓይናቸው አዩት። «አብሽር ልጄ፣ ቃም። ኸይር ነው» አሉት። ሠላሳ ሰው እየጠበቀው ነው። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ቃማት። ሲጨርስ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት፤ ግብ ያገባ ያህል።

አርብ ጠዋት ሄደ። ቅዳሜ በሁለተኛው አጋማሽ ቀይረው አስገቡት። እኔና እናቴ የስልኬን ስክሪን እንደ ጨረቃ ስንጠብቅ ውለን፣ ስሙ ከተቀያሪ ወደ ተሰላፊ ሲሸጋገር እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከጨዋታው በኋላ ዕጣ ወጥቶበት ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሽንቱን ሰጠ። ይህን የነገረኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ እኔም ቀለድኩበት፤ ምን እንዳልኩ ግን ዛሬ መጻፍ አልፈልግም።

ከሳምንታት በኋላ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አያ፣ ተገኘብኝ።»

«ምን ተገኘብህ?»

«ጫቱ። ውስጡ ያለ አንድ ነገር በጨዋታ ቀን ክልክል ነው። ውሉን አቁመውታል።»

ቶሎ ቶሎ ይናገር ነበር፤ አንድ ኮሚቴ ነገሩን ሊያይ ነው፣ ሆን ብሎ እንዳልወሰደው ካመኑ ቅጣቱ ይቀላል፣ ክለቡም ሊታገሰው ይችላል፣ ቅጠሉ እንዴት እንደተሰጠው ከቤተሰብ አንድ ሰው ጽፎ ይላክ ብለዋል። «እንደሆነው ብቻ ጻፈው አያ» አለኝ። «እባክህን፣ እንደሆነው።»

ሦስት ቀን ጻፍኩ። እንደሆነው ብጽፈው ትንሽ መሰለኝ። ሠላሳ ሰው የሚለውን ሳየው ሸሁን እምቢ ማለት እንዴት ከባድ እንደነበር የሚያሳይ አልመስል አለኝ፤ ሺህ ሰው አደረግኩት። አንድ እፍኝ የሚለው ደግሞ በዛብኝ፤ «አንዲት ቅጠል ብቻ፣ እሷም የጉንዳን ጆሮ የምታህል» አልኩ። ሐኪሙ ከልክሎናል ማለቱን፣ እኔ በሰው ፊት መሳቂያ ማድረጌን ተውኩት። አሳፈረኝ። ደሴ ፒያሳ ጽሕፈትና ትርጉም የምትሠራው ሴትዮ እያነበበች ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ሺህ ሰው?»

«አንቺ እንዳለ ተርጉሚው።»

«ጉንዳንስ ጆሮ አላት?»

«የእኔ እህት፣ ተርጉሚው አልኩሽ!»

ተረጎመችው። አሳምራ ነው የተረጎመችው።

ኮሚቴው በቪዲዮ ሊያናግረኝ በተቀጠረው ቀን አለቃዬ የፋብሪካውን ቢሮ ለቀቀልኝ፤ እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል። ከግድግዳው ባሻገር ዕድሜዬን ሙሉ የጠገንኳቸው የሽመና ማሽኖች ይንኳኳሉ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፈረንጆች፣ አንዲት ሐበሻ አስተርጓሚ፣ በታችኛው ጥግ ደግሞ ወንድሜ በከረባት። ከስቷል።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ የተሰጣቸው አንድ እፍኝ ነው ብለዋል» አለች አስተርጓሚዋ። «እርስዎ አንዲት ቅጠል ብለዋል። የቱ ነው ትክክሉ?»

«እፍኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አንዲት አሉ?»

«ልጠቅመው ብዬ።»

ነገረቻቸው። መሃል ላይ የተቀመጠው ባለ መነጽር ሰውዬ ጻፈ።

«ሺህ ሰው ነበር ብለዋል፤ እሳቸው ሠላሳ ነው ያሉት።»

«የእናቴ ሳሎን ሺህ ሰው የት ይችላል! አነጋገር ነው እንጂ።»

«አነጋገር የሚለውን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እኔ እንጃ፣ እህቴ። አንቺ ሐበሻ አይደለሽ?»

ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ሰውየው አሁንም ጻፈ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፤ ቢኖርማ እጣላው ነበር። ያልኩትን ነው የሚጽፈው። ያኔ አልቻልኩም፤ ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ። «እሱ አልቅምም ብሏል!» አልኩ። «ሐኪሙ ከልክሎናል ብሎኛል። በሰው ፊት ስቄበት ያስቃምኩት እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ!»

አስተርጓሚዋ ስትጨርስ ሰውየው ደብዳቤዬን አገላበጠ፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«ይህ ደብዳቤው ላይ የለም ነው የሚሉት። የጻፉትን እንመን ወይስ አሁን ያሉትን?»

ማሽኖቹ ይንኳኳሉ። ከጥጉ ወንድሜ ካሜራውን ቀና ብሎ አየ። «አያ፣ በቃ፤ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ውሳኔው በወሩ መጣ፤ የቤተሰቡን ምስክርነት ለማመን አስቸጋሪ ሆኖ አግኝተነዋል ይላል። እርስ በርሱ ስለሚጋጭም አልተቀበሉትም። ሁለት የጨዋታ ዘመን ታገደ። ክለቡም ውሉን ሳያድስ ሸኘው። አሁን በዚያችው ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል። ሲደውል «አብሽር አያ» ይለኛል። ቢሰድበኝ እወድ ነበር። አይሰድበኝም።

ለእናቴና ለሸሁ እግሩን ተጎድቷል ብለናቸዋል። ሌላ ምን እንበል? በረከት ያሉት ቅጠል ልጁን ከሜዳ አስወጣው ብሎ የሚነግራቸው አንደበት ከየት ይመጣል? ሸሁ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው አዘኑ። «ለእግሩ ያደረግናት ዱዓ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች እኮ! ውሉን ውሉን ስንል እግሩን አሳነስናት» አሉ።

ባለፈው ሐሙስ እናቴ ሳሎን እንደገና ተሰበሰብን። ስለ እግሩ ብቻ ረጅም ዱዓ ተደረገ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ሲያበቃ ሸሁ ለጋ ለጋውን ቀንጥሰው በነጭ መሐረባቸው ቋጠሩና ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይቺን ለሚሄድ ሰው ስጥና ላክለት። ብትደርቅም በረከቷ አይደርቅም። የዚያን ጊዜዋ አንሳበት ይሆናል።»

«እሺ አባባ» አልኩና በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ቋጠሮው ፋብሪካ ውስጥ በመፍቻ ሣጥኔ ነው ያለው። ልጥለው እጄ አልሄደ አለ። ትናንት ሸሁ ከመስጊድ ሲወጡ አገኙኝ።

«ደረሰችው?»

«ደርሳዋለች።»

«ምን አለ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቀሰ፣ ስሞ ግንባሩ ላይ አደረጋት፣ አገሬው ሁሉ ተሰልፎ አያት እል ነበር።

«ደረሰችኝ አለ» አልኳቸው።