ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

በእኛ ጤና ጣቢያ ሰው የሚጠራው ሦስት ጊዜ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ የቀጠሮ መዝገቡን ደረቱ ላይ አስደግፎ በሩ ላይ ይቆምና ስም ይጠራል። «አቤት» ያለ ይገባል፤ ሦስቴ ተጠርቶ ዝም ያለ፣ ካርዱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። «እውነት አንቺ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰውዬው አያት ቅድመ አያቶቹ ሐረር ላይ የተቀበሩ የከተማዋ ልጅ ነው፤ ካርድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። «አቦ፣ እኔ ፊት አላይም፤ ድምፅ ነው የምሰማው» ይል ነበር። እኔም አሠራሩን መርምሬ «የተሟላ» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

የመፈረም ሥልጣን ያገኘሁት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የጥራት ክትትል ባለሙያ ስለነበርኩ ነው። ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠኝ ግድም ይሆናል። ደንብ እወዳለሁ፤ አሁንም እወዳለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሌላው ሰው ዘፈን ሲያንጎራጉር እኔ አንቀጽ አንጎራጉራለሁ። ባልደረቦቼ ስመጣ ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ሲያከብሩኝ ይመስለኝ ነበር።

የጤና መድን ያኔ ገና አዲስ ነው። አባላቱን የምናክመው በዕውቅና ነው፤ ዕውቅናው የሚጸናው ደግሞ በየስድስት ወሩ በምንልከው የጥራት ሪፖርት ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ የደም ግፊት ነበር። የመድን አባል የሆኑ የግፊት ሕሙማን ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ በየሦስት ወሩ የመጡት፣ ግፊታቸውም የተስተካከለው ስንት ናቸው? ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማካፈል ነው፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። ጣጣው ያለው ታህቱ ላይ፣ ከሥር የሚቀመጠው ቁጥር ላይ ነው፤ ማን ይቆጠራል የሚለው ላይ። መመሪያው «ዓመቱን ሙሉ በአባልነት የቆየ» ይላል። ደግ። ዓመቱ መሀል ላይ የሞተስ?

ስለ ሟቾች መመሪያው ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ አንዱ ጤና ጣቢያ ሟቾቹን «ቀጠሮ ያላከበሩ» ብሎ ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ ቀጠሮ የቀረውን ሁሉ ሞቷል ብሎ ከቁጥር ያወጣል፤ ሰዎቹ ገበያ ላይ በቁማቸው ሲገዙና ሲሸጡ እየታዩ ማለት ነው። ውጤታችን ሊነጻጸር አልቻለምና ማብራሪያ እንድጽፍ እኔ ታዘዝኩ። አለቃዬ የሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ የሚያነብ የለም።»

ለማብራሪያው ምሳሌ ስፈልግ አንድ ካርድ አገኘሁ። አቦከር በኩል፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ለሁለት ዓመት ግፊታቸው አልወርድ ብሎ ሲያስቸግር ቆይቶ፣ ካለፈው ዓመት ረመዳን ወዲህ ቀጥ ብሎ ተስተካክሏል። አራት ቀጠሮ፣ ሁሉም ሐሙስ፣ አንድም አልቀረም። ሥልጠና ላይ ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ክትትል ማለት ይሄ ነው» አልኩ። ጭብጨባም ነበር።

ቀጥሎ የሟቾች ዝርዝር ያስፈልገኝ ነበር። ሐረር ውስጥ ማን እንደሞተ ለማወቅ ወደ ቀበሌ መሄድ ድካም ነው፤ የሚኬደው ወደ አፎቻ ነው። አፎቻ ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው፤ የእኛን እድር ይመስላል። የአንዱ የሴቶች አፎቻ ኃላፊ ፈገግታ የማያልቅባቸው አሮጊት ነበሩ። ወረቀት የላቸውም። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ በየስሙ ላይ «አላህ ይርሐማት» እያሉ ይነግሩኝ ጀመር። ስድስተኛው ጣታቸው ላይ ሲደርሱ የእኔን ምሳሌ ጠሩ።

«እኚህ መቼ ነው ያረፉት?» አልኩ።

«አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። በዚህ እጄ ነው ያጠብኳት።»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የፊቱንም የኋላውንም አየሁት። ሴትዮዋ በዚህ እጅ ከታጠቡ በኋላ አራት ጊዜ ግፊታቸው ተለክቷል፤ ሁለቱን ውጤት ያጣራሁት ራሴ ነኝ። ለአሮጊቷ ግን አልነገርኳቸውም፤ የታካሚ ምስጢር ነውና ደንቡ አይፈቅድም። ስሙን ጻፍኩ፣ የቀረውን ጣታቸውን ጨረሱልኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በጠባቡ መንገድ ስመለስ ከኋላዬ ሰው የሚሄድ እየመሰለኝ ግድግዳውን ታክኬ ነበር የምራመደው።

ቢሮ ስገባ ካርዱን እንደገና ገለጥኩት። ረመዳን ድረስ ግፊቱ ከፍተኛ፤ ከረመዳን በኋላ ደህና። ሴትዮዋ ከሞቱ በኋላ ተሽሏቸዋል። ለካርድ ክፍሉ ሰውዬ ብነግረው ሳቀብኝ። «የሞተ ተጎዳ ሲባል ነበር የምንሰማው፤ እኚህ ግን ተጠቀሙ» አለ። ሲስቅ ድምፁ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ቀጣዩ ቀጠሯቸው የነሐሴ ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ካፊያ ይጥላል። ነርሷን ዛሬ እኔ ልለካ ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆመና ስሙን ጠራ። ከአግዳሚው ላይ ቀጭን ድምፅ «አቤት» አለ።

የገቡት ትንሽ ሴትዮ ናቸው። ሻሻቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። የመድን ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ ደብዝዟል፣ ግን እሳቸውን ይመስላል፤ አፍንጫው ያው ነው። ክንዳቸውን በግፊት መለኪያው ስጠቀልል ቆዳቸው ቀዝቃዛ ነበር። የዝናብ ነው አልኩ በልቤ። በጆሮዬ የደም ሥራቸውን ምት ስጠብቅ የእኔው ልብ እየደለቀ አላሰማ አለኝ፤ ሁለቴ ለካሁ።

«ደህና ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ስምዎን ይንገሩኝ እስቲ?»

የሟቿን ስም ነገሩኝ። ዕድሜ ጠየቅኩ፤ የሟቿን ነገሩኝ። ሌላ የምጠይቀው ጠፋኝ። በየትኛውም ቅጽ ላይ «ሞተዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም። ክኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ረጥቦ ቀርቷል። ሙት አያረጥብም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን በጣቴ ነካሁት።

በማግስቱ የአፎቻዋን ኃላፊ ቤቱን ያሳዩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ደፉ ላይ ሁለት የሴት ጫማ ተደርድሯል፤ አንዱ አቧራ ለብሷል። አሮጊቷ ከደጅ ሆነው የሟቿን ስም ጮክ ብለው ተጣሩ።

«ለበይ!» የሚል መልስ፣ የእነሱ «አቤት»፣ ከውስጥ መጣ።

ግድግዳውን ያዝኩ። አሮጊቷ ዞር ብለው አዩኝና ሳቃቸው መጣ። «ምነው ልጄ፣ ጅን ያየሽ መሰልሽ! ታናሿ ናት እኮ። ባሏ ሲሞት ከድሬ ጠያራ ገጠር መጥታ ከእኅቷ ጋር ገባች። ጀናዛው ከወጣ በኋላ ብቻዋን ቀረች።»

«ታዲያ ለምን በሟቿ ስም ይጠሯቸዋል?»

«በዚህ ደጅ አርባ ዓመት የተጠራው ይሄ ስም ነዋ። አፋችን ለመደ። እሷም እሺ አለች።»

ታናሿ ነደባው ላይ፣ ያ ሐረሪዎች የሚቀመጡበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ጥግ ይዘው ነበር። መሀሉን ባዶ ትተውታል። ጤና ጣቢያ ያየኋቸው ሴትዮ ናቸው። እኔን ሲያዩ ደብተሩን ከትራስ ሥር አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። አልካዱም።

«እኅቴ ክኒን ትፈራ ነበር» አሉ። «እየተቀበለች ትመጣለች፣ አትውጥም። ከሞተች በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ባወርድ ክኒን ሞልቶታል። እኔም ራሴን ያዞረኝ ነበር። ከዚያ እያወጣሁ ዋጥኩ፣ ተሻለኝ። ሲያልቅ ደብተሯን ይዤ መጣሁ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያልኩ ቁጭ ብዬ ስሟን ጠሩ። አንዴ ጠሩ። ሁለቴ ጠሩ። ወላሂ፣ በሦስተኛው ዝም ብል ዳግም የምትሞት መሰለኝ። አቤት አልኩ።»

ሙት አይደሉም፤ ግን ደስ አላለኝም። የሞቱ ቢሆኑ ማብራሪያው ቀላል ነበር።

የአዲስ የመድን አባል ምዝገባ በዓመት አንዴ፣ ጥር ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። እስከዚያ አምስት ወር አለ። እኅታቸው ሲመዘገቡ እሳቸው ገና ድሬ ጠያራ ስለነበሩ ደብተሩ ላይ የሉም። «ጥር ላይ በራስዎ ስም ይመዘገባሉ» አልኳቸው። «እስከዚያ እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ይታከሙ። በዚህ ደብተር ግን ከእንግዲህ አይሆንም።»

«ኢንሻአላህ» አሉ። ከፍለው እንደማይታከሙ ቤቱን አይቼ አውቄዋለሁ። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የራሳቸውን ስም ግን አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማብራሪያውን በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። «አባሉ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ከታህት ይወጣል። ከሞት በኋላ የተመዘገበ ጉብኝት ዋጋ የለውም።» ከዚህ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፤ በሟች ስም ሲታከም የተገኘ ሕያው ሰው፣ እስከ ቀጣዩ ምዝገባ መድኃኒቱ አይቋረጥበትም የሚል። ይህ ሲጨመር ጽሑፉ ሦስተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አሾለከ። ሌላ ቦታ ላሳጥር ሞከርኩ። ሁሉም አስፈላጊ መሰለኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አወጣኋትና ልክ ሁለት ገጽ ሆነ። አለቃዬ አንብቦ «እንከን የለሽ» አለ፤ ለሌሎቹ ጤና ጣቢያዎችም ተባዝቶ ተላከ።

ኅዳር ሐሙስ ሰውዬው የሟቿን ስም ጠራ። የዓመቱ ቀጠሮ አስቀድሞ የሚሰፍርበት መዝገብ ነውና ካርዱ ቢወጣም ስሙ እዚያ አለ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አዳመጥኩ። ሦስቴ ጠራ፤ አግዳሚው ዝም አለ። ነገ ሄጄ አያቸዋለሁ አልኩ። ነገ ስብሰባ ነበር፣ ከነገ ወዲያም ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር ገባ፤ ምዝገባው ተከፈተ። የተመዝጋቢዎቹን ወረፋ በየቀኑ ወጥቼ አየው ነበር። ያ ሻሽ አልመጣም።

የግማሽ ዓመቱን የሟቾች ዝርዝር ልቀበል ወደ አፎቻዋ ኃላፊ ሄድኩ። ጣታቸውን ቆጠሩ። ሦስተኛው ላይ ያንን ስም ጠሩ።

«እኚህን አምና ነግረውኛል» አልኩ።

«ያቺ ትልቋ ናት። ይቺ ታኅሣሥ ላይ ነው የሞተችው። በጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አለ፣ ለዙህር ሶላት አልደረሰችም።»

«የራሳቸው ስም ማን ነበር?»

አሮጊቷ ጣታቸውን እንደዘረጉ አሰቡ። ፈገግታቸው የጠፋው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ድሬ ጠያራ ያሉት ያውቁ ይሆናል» አሉ።

ቢሮ ተመልሼ ስሙን ሟቾች በሚለው ቅጽ ላይ ላስገባ ብል ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ፤ ይህ ሰው ቀድሞ ተሰርዟል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ሁለቴ ከታህት አይወጣም። ታናሿ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልገቡም። ስለዚህ ሞታቸው ውጤታችንን በአንዲት ነጥብ እንኳ አልነካውም። ዕውቅናው ጸና። አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ፤ እኔ ግን እጄን ሳየው የዚያች አሮጊት እጅ ትዝ አለኝ።

የካቲት ሐሙስ ጠዋት አግዳሚው ሰው ሞልቶት ነበር። ሰውዬው መዝገቡን ደረቱ ላይ አስደግፎ ቆመ፤ የሟቿ ስም አሁንም እዚያው ሰፍሯል። ስሙን ጠራ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ጠራ። ከቢሮዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ክንዴ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማኛል፤ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ሦስተኛ ጠራ።

«አቤት» አልኩ።

ቀና ብሎ አላየኝም። ጣቱን ከመዝገቡ ላይ ሳያነሣ «ግቢ» አለኝ።