ሩፋኤል የወሰደው ዝናብ

አቶ ይሄነው ፊደል የቆጠሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከፊደሉ ይልቅ ግን ልባቸው የሄደው ወደ ቁጥሩ ነበር። የግብርና ባለሙያዎች ከመካነ ሰላም መጥተው ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ከተከሉ ወዲህ፣ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊቱ ይቆማሉ። ውሃው የደረሰበትን መስመር ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩና ይደፉታል። ደፍተውም ቶሎ አይሄዱም። ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው፣ ያለፉት ዓመታት ዝናቦች ሁሉ አጠገባቸው ቆመው የሚያንሾካሹኩ ይመስላቸዋል።

ቁጥሩ የዋዛ አልነበረም። ከቁልቁለቱ ሥር አምስት ቤቶች አሉ። የሦስት ቀን ዝናብ ተደምሮ መቶ ሚሊ ሜትር ከሞላ መሬቱ ሊንሸራተት ይችላልና፣ ያን ቀን አምስቱም ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲወጣ ስምምነት ተደርጓል።

ዘንድሮ ጳጉሜን አንድ ሠላሳ ስምንት፣ በማግስቱ አርባ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጧት አባራ። አቶ ይሄነው በሰዓታቸው ቢሄዱ መለኪያው ባዶ ነው። ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ የሰሙት በሕልማቸው ይሆን? ጣታቸውን ሰደው ውስጡን ነኩት። እርጥብ ነው።

ጎረቤታቸው በለጡ ሕፃን ልጇን አዝላ አጥሩ ሥር ቆማ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ጠበሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች።

ልጁን ሌሊት አተኩሶታል። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ሰው ሁሉ ዕቃ ደጅ ሲያወጣ እሷ ልጇን ይዛ ረሳችው። ማንም የማይነካው፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ንጹሕ ዕቃ ከዚህ ሌላ አልታያትም።

አቶ ይሄነው አልተቆጡም። ልጁን ጤና ኬላም እንድታደርሰው መከሯትና በምን እንደቀዳችው ጠየቋት። አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ኩባያዋን አመጣች። ሰባ ዘጠኝ ላይ ሃያ አንድ ቢጨመር መቶ እንደሚሞላ አልነገሯትም፤ ፍርሃት እጇ ውስጥ ከገባ ውሃው ይበዛል። የጧቱን ያህል ሙዪው ብቻ አሏት።

በለጡ ወደ ንጋቱ እንደምትመለስ ሁሉ ዓይኗን ጨፈነች። ውሃ ሞላች፤ ጥቂት ቀነሰች።

«እስከ አበባው አንገት። እንዲህ ነበር።»

ወደ መለኪያው ገለበጡት። ሃያ ሰባት።

ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ያገኙት ለበሬው ገለባ የሚሰጠውን አሕመድኑርን ነው። ነገሩን ሰምቶ ሳቁ መጣ።

«ጋሼ ይሄነው፣ በበለጡ ኩባያ ነው ከቤቴ የሚያስወጡኝ?»

«በእኔ ቃል ነው። ካልተናደ ዓመቱን ሙሉ ሳቅብኝ።»

አሕመድኑር ዓይን ዓይናቸውን አየ። ከዚያ በሬውን ፈታ። ሌሎቹ አራቱም ቤቶች እሱን አይተው ተነሡ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ቁልቁለቱ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም። ባሕር ዛፎቹ እንደቆሙ፣ ቅጠላቸው እያብረቀረቀ፣ ወደ ታች መራመድ ጀመሩ። የአሕመድኑር ቤት ጋ ሲደርሱ ቤቱ በዝግታ ተንበርክኮ ከነሱ ጋር ሄደ። ትምህርት ቤቱ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

አሕመድኑር መጥቶ አቶ ይሄነው አጠገብ ተቀመጠ።

«የነገውስ ስንት ይመስልዎታል?» አለ።

«አላውቅም» አሉ አቶ ይሄነው። «ጧት ና፣ አብረን እናየዋለን።»