የእትዬ ዘነበች ፔርሙስ

ባለፈው ሰኞ ቢሮዬ ካሉት ወጣት ጠበቆች አንዱ፣ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የተወለደ ያገሬ ልጅ፣ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ደንበኛችን በመኪና የገጨችውን ሰው ሆስፒታል ድረስ ሄዳ፣ ሾርባ ይዛ ጠይቃዋለች።

"ጋሼ፣ ጥፋቷን አመነች ማለት እኮ ነው። ሴትል ብናደርገው፣ ካሳውን ከፍለን ብንጨርሰው ይሻላል" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ግራ ገባው፤ እኔ ግን እትዬ ዘነበች ትዝ ብለውኝ ነበር።

ያኔ ጠበቃ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ እንደ ዛሬው በኢንሹራንስ በኩል ሆኖ ለተከሳሽ መከራከር ነበር። እትዬ ኦሮራ ውስጥ ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነበራቸው፤ እሳቸው ጋ የገባ ሰው የበርበሬው ሽታ ኮቱ ላይ ተጣብቆ ዴንቨር ድረስ ይከተለዋል። አንድ የየካቲት ጠዋት፣ ከኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ዕቃ የሚያመጣላቸው ማርቪን የሚባል ሾፌር ደጃፋቸው ላይ አዳልጦት እጁ ተሰበረ። በረዶውን አልጠረጉም ብሎ ከሰሳቸው። ኢንሹራንሱ ከፍሎ ለመገላገል ቸኮለ፤ እትዬ ግን አሻፈረኝ አሉ።

"ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጠርጌያለሁ፣ በረዶው እንዲቀልጥ ጨውም በትኛለሁ። ዘነበች በቸልታዋ ሰው ሰበረች ተብሎ ስሜ አይነሳም።"

የኢንሹራንሱ ኩባንያ በስንት ልመና እንድንከራከር ፈቀደ። ችሎቱ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ግን ጉዱን ሰማሁ። እትዬ በፔርሙስ አጥሚት ይዘው ሦስት ጊዜ ማርቪን ቤት ሄደዋል፤ ፔርሙሱም እዚያው ቀርቷል።

"እትዬ፣ ከሳሽዎ እኮ ነው። ጥፋተኛ ስለሆኑ ነው የሄዱት ይሉናል።"

"ሰው እጁ ተሰብሮ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሳልጠይቀው ልቅር?"

"እሺ፣ ምን አወራችሁ?"

"የታመመ ሰው ቤት የሰማሁትን ፍርድ ቤት አልዘራም። ከፈለግህ ራሱን ጠይቀው፣ ልጄ። ሰውየው አይዋሽም።"

ተናደድኩ። ከሳሹን አምኖ ችሎት የሚገባ ደንበኛ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። የማርቪን ጠበቃ ያንን ፔርሙስ ፍርዱን በሚሰጡት ተራ ዜጎች፣ በጁሪዎቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ አቆመና፣ "ጥፋት የሌለበት ሰው ምግብ ተሸክሞ ሦስት ጊዜ አይመላለስም" አላቸው። አንዲት ጁሪ "እውነት ነው" በሚል ሁኔታ ራሷን ነቀነቀች።

ማርቪንን የምጠይቅበት ተራ ደረሰ። በእኛ ሙያ መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ ለምስክር አታቀርብም፤ ይህን የማያውቅ ጠበቃ የለም። ዞር ብዬ እትዬን አየኋቸው። ስብከት እንደሚያዳምጥ ሰው ረጋ ብለው ተቀምጠዋል። የመጣው ይምጣ አልኩ።

"ወይዘሮ ዘነበች ቤትህ ሲመጡ፣ እንዴት እንደወደቅክ ምን ብለህ ነገርካቸው?"

ጠበቃው ተነስቶ ተቃወመ፤ ዳኛዋ "ይመልስ" አለች። ማርቪን እትዬን አየና ዓይኑን ሰበረ።

"መንገዱ ተጠርጎ ነበር" አለ። "ጨውም ነበረበት። እኔ ነኝ ቸኩዬ በሣሩ በኩል፣ የተከመረውን በረዶ ረግጬ ያቋረጥኩት። ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም 'አይዞህ' ብለው አጥሚት ቀዱልኝ።"

ጁሪዎቹ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። እትዬ ጥፋት የለባቸውም ተባለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የመጀመሪያ ችሎቴ ነበር፣ የእትዬም ስም እንደ ጠዋት ደጃፋቸው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ማርቪን ፔርሙሱን ሊመልስላቸው ዘረጋ።

"ያዘው" አሉት፤ "እጅህ ገና አልጠናም።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ኬዝ አሸንፌያለሁ፤ እንደዚያኛው የኮራሁበት ግን የለም። ይህን ሁሉ ለወጣቱ ስነግረው፣ "ሰውየው ዋሽቶ ቢሆንስ ኖሮ?" አለኝ።

"እንሸነፍ ነበር" አልኩት። "እትዬ ግን ያኔም ቢሆን በሳምንቱ አጥሚታቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።"