የላንጋኖው ለቅሶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ማንም ሳይሞት ለቅሶ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደልን ሌሎች ሲማሩ ከደጅ ቆሜ ሰማሁ፤ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩ፤ የፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ጥገናን ደግሞ ራሴ እየፈታሁ ራሴ እየገጠምኩ ተማርኩ። ዛሬ ኢምፔሪያል በሚባለው አካባቢ፣ ቀለበት መንገዱ ገና ሳይታሰብ የጥገና ቤት ከፍቼ ነበር። ከገርጂ እስከ ኦሎምፒያ የእኔ እጅ ያልነካው ፍሪጅ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሆቴል ነበረው። ቦሌ ባለው ቤቱ የሚበላሸውን ሁሉ የማበጅለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ እጄን ስታጠብ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ግን አርፈው ያውቃሉ?" አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። ቅዳሜና እሁድን ከባለቤቴ ጋር ሆቴሉ ሄጄ እንዳርፍ ጋበዘኝ። እንዲህ ያለ ግብዣ ለማንም አይቀርብም፤ እሺ አልኩ።

ባለቤቴ ዘነበች ግን መሄድ አልፈለገችም። ምክንያቷ ልጃችን ሰለሞን ነበር። ሰለሞን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያኔ የሚመላለሰው በአሰብ መንገድ ነበር፤ እሱ መንገድ ላይ እያለ እናቱ እንቅልፍ አልነበራትም። በዚያ ሰሞን ደግሞ የሰፈራችን አንድ ሾፌር እዚያው መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞቶ ነበር። ማልደው ሄደው ለቤተሰቡ መርዶውን የነገሩት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ወልዴና ባለሱቁ ሐጂ ይመር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘነበች ሁለቱን አብረው ካየቻቸው መንገድ ትቀይር ነበር።

"ሰለሞን ናዝሬት መግባቱን ልስማና ከዚያ እንሄዳለን" አለችኝ። የመኪናውን ሞተር እኔ በጆሮዬ አዳምጬዋለሁ፤ እኔ ያዳመጥኩት ሞተር መንገድ ላይ አይቆምም አልኳት። ካንገት በላይም ቢሆን እሺ አለች። ቤቱን ኦሎምፒያ አጠገብ ቢሮ ለምትሠራው ልጃችን ለሶስና ትተን ቅዳሜ ማለዳ ወጣን።

ላንጋኖ ጥሩ ቦታ ነው። ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። እኔ ዋና ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አዋሽ ውስጥ ገብቼ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ያን ቀን ራቅ አድርጌ ዋኝቼ ስመለስ፣ ዳር ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ዕድሜዬን ጠይቀው አላመኑም። ዘነበች ቅዳሜን ሙሉ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዋለች። የቀረበላትንም ዓሣ ቀመስ አድርጋ ተወችው። እሁድ ጠዋት ግን ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገባች። አሸዋው ከእግሯ ሥር ሲሸሽባት ሳቀች። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ወደ አራት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ፔጆ መጥቶ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። የፊተኛው አቶ ወልዴ ነው። ሁለተኛው ሐጂ ይመር። ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ሦስቱም ነጭ ደርበዋል። ወደ እኛ መጥተው አሸዋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

ከገርጂ ላንጋኖ ድረስ ሰው ሰላም ለማለት ብቻ አይመጣም። ተነስቼ፣ "ምነው፣ በደህና ነው? ቁጭ በሉ እንጂ" አልኳቸው።

አቶ ወልዴ አንገቱን ደፋ አደረገ። "አንቀመጥም፣ አቶ መኮንን። ቆመን የምንናገረው ነገር አለን።"

ዘነበች ይህን ሰማች። አቶ ወልዴን አየች፣ ሐጂን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ የማናውቀው ሰው ላይ ቆመ። የሰለሞን መሥሪያ ቤት የላከው ሰው መሰላት። ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና፣ "ልጄን" ብላ አሸዋው ላይ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ የነበሩ ሴቶች ሮጠው መጡ። ነጠላ ስላልነበራቸው ፎጣቸውን አደግድገው፣ ፀጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። ሙዚቃው ተዘጋ። አስተናጋጆቹ ማንም ሳያዛቸው ወንበር እያመጡ በሁለት ረድፍ ደረደሩ። ከሁሉ የባሰው ግን ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ወልዴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ወይኔ እህቴን" እያለ አለቀሰ። ሐጂም ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ። እንግዳው ሰው እንኳ መሐረብ አወጣ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ እርግጠኛ ሆንኩ።

የእኛ ሰው ለቅሶ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያለቅሳል። ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው። ያን ቀን ግን ከተቀመጡትም አንድም ሰው አልጠየቀም።

እኔ አላለቀስኩም። ማልቀስ አልችልበትም። ጥቂት ቆይቼ ወደ አቶ ወልዴ ተጠጋሁና በጆሮው፣ "የት ቦታ ላይ ነው የተገለበጠው?" አልኩት።

"ማን?"

"ሰለሞን።"

አቶ ወልዴ እንባውን ጠርጎ ትክ ብሎ አየኝ። "ሰለሞን ሞተ እንዴ?"

"መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ አይደላችሁ?"

"እኛ ምን እናውቃለን? ገና አፋችንን ሳንከፍት አለቀሳችሁ፤ ቀድሞ መርዶ ደርሷችሁ ኖሯል ብለን አብረን አለቀስን።"

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?"

ሁለቱ ተያዩ። የመለሱልኝ ሐጂ ናቸው። "እኛማ ስለ ሶስና ነበር የመጣነው።"

ዘነበች የሶስናን ስም ስትሰማ ለቅሶዋ እጥፍ ሆነ። አሁን ደግሞ ሁለቱም ልጆቿ የሞቱ መሰላት።

ነገሩ ለካ ሽምግልና ኖሯል። እንግዳው ሰው ቦሌ የሚኖር የትግራይ ሰው፣ ነጋዴ ነው። የወንድሙ ልጅ ኤርፖርት ይሠራል፤ ሶስናን ወዷታል። ከፋሲካ በኋላ ለትምህርት ውጭ አገር ሊላክ ስለሆነ፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እንዲደርስ ከሁዳዴ በፊት ቃል ማሰር ፈለጉ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ጎህ ሲቀድ ቤታችን ሲሄዱ ሶስና ላንጋኖ መሆናችንን ነገረቻቸው። ደውላ እንዳትነግረን ደግሞ ልጅ ስለ ራሷ ጋብቻ ለአባቷ አትደውልም። አቶ ወልዴ የሽምግልና ቃል ይዞ የወጣ ሰው ሳይናገር ቤቱ ከተመለሰ ነገሩ አይሰምርም የሚል እምነት አለው። ስለዚህ በእንግዳው ፔጆ ተጭነው መጡ። ሽማግሌ ደግሞ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥምና ቆመው ቀሩ።

እኔ ወዲያው አመንኩ። ዘነበች ግን አላመነችም።

"ቤት እስክገባ ልታዘናጉኝ ነው" አለች። "ሬሳውን ቤት አስገብታችሁ ነው ላንጋኖ የመጣችሁት። የእህቱን ሠርግ ሰበብ አድርጋችሁ እኔን ልታታልሉ።"

አላግባብ አልተናገረችም። ሰውን ለመርዶ ቤቱ ለማድረስ እንዲህ ያለ ሰበብ ሲፈጠር እኛም አይተናል፤ እኔ ራሴ አንድ ሁለቴ ፈጥሬያለሁ። ሐጂ ቁርአን ይምታኝ ብለው ማሉላት። አላየቻቸውም።

ያለን መፍትሔ ስልክ ብቻ ነበር። ወደ ሆቴሉ ቢሮ ገብተን ናዝሬት መኪኖቹ የሚያድሩበት ጋራዥ አስደወልን። ያነሳው ዘበኛው ነው። መኪናው ትናንት ማታ ገብቷል አለ። ሾፌሩ ግን የለም፤ ወጣ ብሏል፤ አስፈልጌ አስደውልላችኋለሁ አለ።

"መኪናው ገብቶ እሱ ከሌለ፣ የነዳው ሌላ ሰው ነው" አለች ዘነበች።

መጠበቅ ጀመርን። ውጭ ያሉት ሰዎች አልተበተኑም። ለቅሶው ይቀጥል ወይም ያብቃ ማንም ስላልነገራቸው፣ ወደ ውሃውም መመለስ አፍረው፣ ፎጣቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አሁንም እንደቆሙ ናቸው። እኔም መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ አቶ ወልዴን ሰረቅ አድርጌ እያየሁ፣ ምናልባት እኔንም እያታለለኝ ቢሆንስ አልኩ። መርዶ የያዘ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የእሱ ፊት ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ዘነበች ቀድማኝ አነሳችው።

"እማዬ" የሚለው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ፀጉር ቆራጭ ቤት ነበርኩ፣ ግማሹን ተቆርጬ መጣሁ አለ። ከውጭ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ሰምቶ ኖሮ፣ "ማን ሞተ?" ብሎ ጠየቃት።

"ማንም" አለችው። "ሂድ፣ ፀጉርህን ጨርስ።"

ስልኩን አስቀመጠች። ወገቧ ላይ የታሰረውን ነጠላ ፈትታ፣ አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ከቢሮው ስትወጣ ሴቶቹ አይተዋት ገባቸው። አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከመካከላቸው ማን እንደሞተና ማን እንደዳነ የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዳው ሰው አሸዋው ላይ ፊታችን ቆሞ የመጣበትን ቃል በወጉ ተናገረ። ወጉ ሽማግሌን ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነው፤ ዘመድ ላማክር፣ ልጅቷን ልጠይቅ እያሉ። እኔም በሰፈሩ ልጁን በቀላሉ የማይሰጥ ሰው እባል ነበር። አፌን ስከፍት ግን ዘነበች ቀደመችኝ። "ስጣቸው" አለች። እናት በእንዲህ ያለ ቦታ ቀድማ አትናገርም። ያን ቀን ግን የሚከለክላት አልነበረም። ልጅቷ ፈቃዷ ከሆነ ሰጥቻለሁ አልኩ።

"ከእንግዲህ ሚስት የሚፈልግ ሁሉ" አሉ ሐጂ ወንበር እየሳቡ፣ "መጀመሪያ አልቃሽ ይላክ።" እነሱም ያኔ ነው የተቀመጡት።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አለፈ። ሶስና ልጆቿን አድርሳለች፤ ሰለሞንም መንገድ ከተወ ቆየ። ሰው ያን ቀን እያነሳ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አስቦ የጠየቀ እኔ ብቻ መሆኔን ግን ሁልጊዜ አስታውሳቸዋለሁ።

ከሠርጉ በፊት የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ድንኳን ተካዮቹ ሲመጡ ግቢው አይበቃም፣ ወደ መንገዱ እናውጣው ብለው ነበር። እኔ ሜትር ሳልይዝ ምሰሶው እዚህ፣ ማብሰያው እዚያ፣ የሰው መግቢያ በዚህ ብዬ በእግሬ አሳየኋቸው። ሲተክሉት ልክ ገጠመ። አቶ ወልዴ ሜትር የማያሻው ዓይን እያለ እስከ ዛሬ ያወራልኛል። እውነቱን ነው፤ ዓይኔ ልክ ነው።

ያን ግቢ የለካሁት ግን ለሠርግ ድንኳን አልነበረም። ላንጋኖ፣ ስልኩን ስንጠብቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ በሐሳቤ ለክቼ ጨርሼው ነበር። ዘነበች ያኔ የምጸልይ መስሏት ነበር። እስከ አሁን እንደዚያ ነው የምታምነው፤ እኔም አላረምኳትም።