ዳምቦያ ላይ የገደልኳት ሴት

አባቴ ከሞተ ገና ግማሽ ዓመት አልሞላም ነበር። ጥቁር ለብሼ ቢሮ እገባለሁ፣ ጥቁር ለብሼ እወጣለሁ። በዚያ ሰሞን የሆሳዕና የቲያትር ክበብ አንድ የታወቀ የድሮ የፍቅር ድራማ ሊያዘጋጅ ነው፣ ለዋናዋ ገፀ ባህሪ ቅዳሜ ኦዲሽን አለ ሲባል ሰማሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። ግን ሐዘን ላይ ያለች ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ "ካላንተ አልኖርም" ልትል ነው? እናቴ እንደምትከለክለኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ አልጠየቅኳትም።

ሐዘንተኛን ያለ ሐሜት ከቤት የሚያወጣ አንድ ምክንያት ብቻ አለ፤ የሌላ ሰው ሐዘን። ስለዚህ የቢሮ ጓደኛዬ እናት ሞቱ አልኩ። ጓደኛዬ የዳምቦያ ልጅ ናት፤ እናቷ እዚያው አሉ፣ በሕይወት፣ በሙሉ ጤና። ዳምቦያ ራቅ ስለሚል ቀኑን ሙሉ ብጠፋ የሚጠረጥረኝ የለም። እናቴ ደግሞ ቅዳሜ ማኅበር አለባት፤ አብራኝ እንደማትመጣ አስቀድሜ አረጋግጫለሁ። መርዶውን ስትሰማ ደረቷን ያዘች።

"ያቺ ልጅ አባትሽ የሞተ ጊዜ ስንቴ ወጥታ ወረደች። ሂጂ፣ ዛሬ ነው መድረስ" አለችኝ። ነጠላዬን ራሷ አዘቅዝቃ አለበሰችኝ።

ያን ነጠላ በክበቡ አዳራሽ ሽንት ቤት ውስጥ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ደብቄ ያመጣሁትን ቢጫ ሹራብ ደረብኩ። አዘጋጁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በየተራ ይጠራናል። የፍቅረኛዬን ቦታ ይዞ የሚያነብልኝ ልጅ ሥራው ሞባይል ጥገና ነው። እጄን መያዝ ሲገባው የሹራቤን እጅጌ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ቀረ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ የያዘ ይመስል። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው ራሴን ጠላሁት። ያም ሆኖ አንብቤ ስጨርስ አዘጋጁ "በቃ፣ አንቺ ነሽ" አለኝ።

እቤት ስደርስ እናቴ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ልጅቷ እንዴት ሆነች? ሰው ደረሰላት?"

እውነተኛው ኦዲሽን ይሄኔ ጀመረ ብል አላጋነንኩም። ድንኳኑ ከአጥር ወጥቶ መንገድ እንደያዘ ነገርኳት። ጓደኛዬ ራሷን ስታ ውሃ ተረጭቶባት እንደነቃች ነገርኳት። ማንም ሳያስገድደኝ አንዲት ታናሽ እህት ፈጥሬ እሷንም አስለቀስኳት። እናቴ ሰምታ ሰምታ አለቀሰች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ደስታዬ ገና ትኩስ ነበርና ሳሳሁለት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። ሰኞ ረፋድ ላይ ጓደኛዬ ስልኳን እንደያዘች መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"እናትሽ እኛ ቤት ናቸው" አለችኝ።

"የት?"

"ዳምቦያ ነዋ። እናቴ ናት የደወለችው። ከአጥሩ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ አለችኝ። ምንድነው ነገሩ?"

እናቴ የለቅሶ ብድር አታሳድርም፤ ለደረሰላት ሰው ሳትደርስ እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህን እያወቅኩ እንዴት እንደዘነጋሁት ዛሬም ይገርመኛል። እኔ ቢሮ መግባቴን አይታ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳለች።

ከሥራ ስወጣ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳት። መሸት ሲል በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ከሚኒባስ ወረደች። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም። እዚያው ከአንዱ ሻይ ቤት በር ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ቆምኩ።

"ቤቱን ጠያይቄ፣ ድንኳኑን አንስተውታል ብዬ፣ እያለቀስኩ ስገባ አንዲት ሴት እጇን እየጠረገች ከጓሮ ወጣች" አለች፣ እኔን ሳታይ። "'ማን ሞተ?' አለችኝ። የልጅቷን ስም ጠርቼ እናቷን ነው አልኳት። 'የሷ እናት እኔ ነኝ' አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምን እላለሁ? የሞትሽው አንቺ ነሽ ልበላት? ባሌ ሞቶብኝ ነው አልኳት። ልጅሽ ከጎናችን አልተለየችም፣ አንቺን ላመሰግን መጥቼ እንባዬ ቀደመኝ አልኩ። አቅፋኝ አለቀሰች። በዓይኗ አይታው ለማታውቀው ሰው።"

አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኦዲሽኑን፣ ቢጫውን ሹራብ፣ ሳቄን ሳይቀር። እርግማን ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች፣ መልሳ አደረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"የሰው እናት ከምትገድዪ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ሂጂ እልሽ ነበር እኮ። እኔም እቤታችን የሚስቅ ሰው ናፍቆኛል።"

ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ይህን እንደምትለኝ ግን አላውቅም ነበር።