የላንጋኖ ዋናተኞች

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከታየ ቀበሌ ይጠይቃል። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሟ የሺዓለም ማኅበሯን ያቋቋመችው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ በዋና ልብስ ነው። አባላቱ እሷ፣ ከአሰላ ሰብስቤ፣ ከሻሸመኔ ደግሞ ቀነዓ ነበሩ፤ ሁሉም የሕፃናት ሐኪሞች። ሰብስቤማ ዋና የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ዳር ይቀመጥና በሹክሹክታ ስለተደበደቡ ልጆች ያወራል።

ማኅበሩ ስምም ማኅተምም የለውም። ያለው አንድ ሕግ ነው፦ ቤቱ ውስጥ የተጎዳን ልጅ ሦስቱም ሳያዩትና ሳይስማሙ ወደዚያ ቤት አይመልሱትም። «አንድ ሐኪም ብቻውን ይፈራል፤ ሦስት ስንሆን ግን እንተፋፈራለን» ትል ነበር የሺዓለም።

አንድ ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጉተማ የሟች ወንድሙን ልጅ ጉዲቱን አቅፎ ሆስፒታል መጣ። የልጅቱ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ዐይኗ አብጧል፤ ድምጿ ጠፍቷል።

«ሳንባ ምች ነው» አለ።

የሺዓለም ደረቷን ልታዳምጥ ጎንበስ ስትል ከልጅቱ ፀጉር የተቃጠለ በርበሬ ሸተታት። አንድ ጭብጥ ስኳር ልሳ ይሆናል፣ እሱን ማን ያውቃል፤ ብቻ በርበሬ አጥነዋታል። የሺዓለም ደሟ ፈላ፤ ያየችውንም እዚያው ጉተማ ፊት ካርዱ ላይ እንዳለ ጻፈችው።

«ልጅ መቅጣት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ጉተማ። «አንቺን እናትሽ አላጠነችሽም?»

«አጥናኛለች። ሽታውን የማውቀው ለዚህ ነው።»

«ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ። የላንጋኖውን ስብሰባችሁንም የማላውቅ እንዳይመስልሽ!»

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ቀልድ አልነበረም፤ ለዚህ ብቻ ገብቶ የቀረ ሰው ሞልቷል። የሺዓለም ፈራች። ቢሆንም ስልኩን አነሳችና አሰላም ሻሸመኔም ደወለች።

በማግስቱ ሁለቱም ደረሱ፤ ጉዲቱን በየተራ መርምረው ተስማሙ። ገና ከአልጋዋ አጠገብ ሳይነሱ ጉተማ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ።

«ይኼ የምን ስብሰባ ነው?»

ቀነዓ «ጥየቃ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት የሺዓለም ቀደመችው።

«አዎ፣ ስብሰባ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አጀንዳው ጉዲቱ ናት። እዚያ ቤት አትመለስ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

ሰብስቤና ቀነዓ አወጡ። ነርሷ መሰለች መርፌ እንደያዘች አወጣች። ቀጥሎ ልጆቻቸውን የሚያስታምሙት እናቶች ከየአልጋው ጥግ ማውጣት ጀመሩ። አንዷ መጀመሪያ የራሷን ልጅ ዐይን ዐይኑን አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አነሳች። አንደኛው ጠባቂም በስብሰባ ልማዱ ሊያወጣ ሲል ጉተማ ሲገላምጠው እጁን መለሰ።

«ተቃውሞ?» አለች የሺዓለም።

ተቃዋሚ አልተገኘም። ከአልጋው ላይ አንዲት ቀጭን እጅ ብድግ አለች፤ የጉዲቱ። ዘግይታ ነው እንጂ መቃወሟ አልነበረም፤ «አትመለስ» ለሚለው እሷም ድምጿን መስጠቷ ነበር።

ጉተማ «ታዩታላችሁ!» ብሎ ወጣ። አልዋሸም፤ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሐኪሞች ወስደው አሰሯቸው። መሰለች ግን ጉዲቱን ቡልቡላ ላለችው የእናቷ እኅት አስረክባ ነበር።

ሐኪሞቹ ሲፈቱ ክረምቱ አልፏል። በመጀመሪያው እሑድ ላንጋኖ ወረዱ። አክስቷ ጉዲቱን ይዛት መጥታ ነበር፤ ልጅቱ ሰብስቤ ሱሪውን ሲጠቀልል አይታ ከበርበሬው ጢስ ወዲህ በጎረነነ ድምጿ ሳቀችበት። የሺዓለም ግራ ቀኟን አላየችም።

«በሉ፣ ስብሰባው ተከፍቷል» አለች፣ ጮክ ብላ።