ሁለተኛው ክፍል ያሳየው ፊት

ሜካፕ አርቲስቱ ጠዋት ጠዋት ሙጫውን ማንም ፊት ላይ ከማድረጉ በፊት በገዛ ግራ እጁ ጀርባ ላይ ይቀባል። ጥጥ ይለጥፍበታል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይልጠዋል። የእሱ እጅ ካልተቆጣ የተዋናይዋም ፊት አይቆጣም። ለዚህ ጥንቃቄው የሥራ ባልደረቦቹ «ሐኪሙ» ይሉታል።

የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ላይ ሥራው ትንሽ ነበር። የሞተችው ሴትዮ ከበር ኋላ ትተነፍሳለች እንጂ ፊቷ አይታይም። ያም ሆኖ ያየው ሰው ሁሉ ሳምንት ሙሉ በር በተንቋቋ ቁጥር ሲበረግግ ከረመ። ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ ፕሮዲውሰሩ «ሕዝቡ ሊያያት ይፈልጋል፤ ፊት ሥራላት» አለው። በሁለት ቀን ሠራላት። እጁ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል አልተቸገረም።

ለፊልሙ ምረቃ ታላቅ እህቱን ይዞ ሄደ። ልብስ መተኮሻ ቤት ነው የምትሠራው፤ የመጀመሪያውን ሦስቴ አይታዋለች። ፊልሙ መሐል ላይ በሩ ተከፈተና የሴትዮዋ ፊት ስክሪኑን ሞላው። ከግራ ዓይን ሥር እስከ አገጭ የቀለጠ ሻማ የመሰለ ቆዳ፣ ወደ ታች የተሳበ ከንፈር። ሐኪሙ ዞሮ እህቱን አየ። ልጅ ሳሉ የፈላ ዘይት የተደፋባት የእህቱ ፊት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ስላየው ማየት የተወው ፊት።

ሰው ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ሳቀ።

«ኧረ ይቺን ማን ያገባታል!» አለ ከኋላቸው አንዱ።

«አንተ ነሃ! ሌላ ማን ወዶህ!» አለው ጓደኛው።

እህቱ ሻሿን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ሐኪሙ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሲወጡ «እታለም፣ እንዴት ነው?» አላት።

«ድምፁ ከበፊቱ ይበልጣል። መብራቱም አምሯል።» ጥቂት ተራመደች። «የበፊቱ ግን ያስፈራ ነበር። ይሄኛው ፊቷን ሲያሳይ አለቀለት፤ ሰው ሳቀ።»

«እታለም፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ ወንድምዬ። ሆን ብለህማ አታደርገውም» አለችና እጁን ያዘችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሰኞ ፕሮዲውሰሩ ቢሮ ሄዶ የሴትዮዋ ፊት ከፊልሙ ፖስተር ላይ እንዲወርድ ለመነ። ለምን ሲባል እውነቱን መናገር አልደፈረም፤ «ሥራው አልጣመኝም» አለ።

«ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ሰዉ የሚመጣው እኮ ለእሷ ፊት ነው!»

ፖስተሩ ማታውን ተለጥፎ አደረ። ትልቁ ከልብስ መተኮሻ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ እህቱ ሥራ የምትገባው በጀርባ በር ሆነ።